ቅቤ የጠጣ ጠፍር

አያ ኑርየ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ዘይነባ ናት። ስልኩ ሲጮህ ለአንድ ገበሬ የበሬ ገመድ በክንዴ እየለካሁ ነበር። «እምዬ የሺ፣ አባቴ ዐረፈ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ገመዱ ስመለስ ስንት ክንድ እንደደረስሁ ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ለካሁ፤ አሁንም ጠፋኝ። በሦስተኛው ገበሬው ገመዱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ለካው።

ሱቄን ዘግቼ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ሙስሊሞች ሬሳ አያቆዩም። ከዘይነባ ጋር ተቀምጬ አለቀስሁና በማግሥቱ ወደ ይጁቤ ተመለስሁ። ሱቁን ገና ከመክፈቴ አንድ ጎረምሳ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

«አያ ኑርየ የሉም?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«አይመጣም። ሞቷል።»

ጎረምሳው ጆንያውን ከትከሻው አላወረደም። «ታዲያ ይሄን ማን ይሠራልኛል?» አለኝ።

«ሰው ሞተ ሲሉህ መጀመሪያ ነፍስ ይማር ይባላል!» ብዬ ጮህሁበት።

«ነፍስ ይማር፣ እምዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እኮ ነገ ዛፍ ላይ ነኝ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን ደክሞኝ ነበር። ደግሞም እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንደሱ ያለ ይመጣል፤ እኔም ያንኑ እነግራለሁ። አሁንስ መናገሩ ሰለቸኝ፤ ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በተማርሁት ፊደል ስለ እሱ ልጻፍ አልሁ። ስለ ራሴ የምጽፈው እሱን ለማሳየት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ የማያኮራኝ ነገር አለ፤ እሱንም አልደብቀውም።

በጆንያው ውስጥ ያለው የዛፍ መውጫ ብረት ነው። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ያልተከለ የለም። ዛፉ ሜዳ ላይ ከሆነ ከሥሩ ቆርጦ መጣል ነው። ከቤት አጠገብ ወይም ከመብራት ሽቦ አጠገብ ያደገ ሲሆን ግን ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ከጫፉ እየቆራረጠ ያወርደዋል። የሚወጣው በዚህ ብረት ነው። ብረቱ በእግሩ ውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሥር ይዘልቃል፤ ከታች እንደ እርካብ ጫማውን ይይዛል፤ በጎኑ ደግሞ ዛፉን የሚወጋ ሹል ጥርስ አለው። መጀመሪያ ይዘውት የመጡት የመብራት ሠራተኞች ናቸው። ኋላ የእኛ ቆራጮች በያጆች ማሠራት ጀመሩ፤ ዘንጉን ከፌሮ፣ ጥርሱን ከመኪና ባሌስትራ። ብረቱ አይሰበርም። ሰውየውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዙት ግን አራት ጠፍሮች ናቸው፤ ለያንዳንዱ እግር ሁለት፣ አንዱ ከጉልበት በታች፣ አንዱ ከቁርጭምጭሚት በላይ። ጠፍሩ ወይም ዘለበቱ ከከዳ ብረቱ ዛፉ ላይ ይቀራል፤ ሰውየው ይወርዳል። የአያ ኑርየ ሥራ እነዚህ ጠፍሮችና ዘለበቶች ነበሩ።

ከሱቄ ደጃፍ በስተግራ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጧል። መጀመሪያ ሲመጣ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ያኔ ገበያው በበቅሎ ይሞላ ነበርና ሥራው አያልቅበትም ነበር። እያደር መኪናው በዛ፣ ባጃጁ መጣ፣ በቅሎ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። አንድ ዓመት ሙሉ የተቀደደ ጫማ ሲሰፋ አየሁት። ደስ አይለውም ነበር። አንድ ቀን አንድ ዛፍ ቆራጭ ጠፍሩ የተበጠሰ ብረት አመጣለት። አያ ኑርየ ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አገላበጠው።

«ይሄ ኮርቻ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

«የምን ኮርቻ? ብረት አይደለም እንዴ?»

«ሰውየው ነው ኮርቻው፣ እታለም። ዛፉ በቅሎው ነው። ከመሀላቸው ያለው ጠፍር ያው የድሮው ጠፍር ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከዲማ መንገድም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከመርጡለ ማርያም ድረስም ወደ እሱ ይመጡ ጀመር። በዕድሜ ሦስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። እኔ አያ እለዋለሁ፣ እሱ እታለም ይለኛል። እሱ ለስግደት ሲነሳ ዕቃውን እጠብቅለታለሁ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ገመዴን ይሸጥልኛል። የእኛ ጾም ሲገባ እሱ ይጠነቀቅልኛል፣ የእነሱ ሲገባ እኔ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው በሥራ ነበር።

ጠፍር ሲመርጥ ላየው ሰው የልጁን ሙሽራ የሚመርጥ ይመስላል። የበሬ ቆዳ ብቻ፣ ያውም የጀርባውን። የሆድ ቆዳ ይለጠጣል ብሎ ለጫማ ሰፊዎች ይሰጠዋል። ጠፍሩን በአውራ ጣቱ ላይ አጥፎ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፤ በእጥፋቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካየ ይጥለዋል። ዘለበት ሲሆን ደግሞ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል። አዲሱ፣ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ዘለበት ድምፁ ይታፈናል፤ እሱን አይገዛም። በየገበሬው ቤት ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ የቀረ አሮጌ ኮርቻ እየገዛ ዘለበቱን ይፈታ ነበር። ስንት የሞቱ በቅሎዎች ዘለበት ዛሬ ዛፍ ላይ እንደሚወጣ እንጃ።

ዘለበቱን ሁልጊዜ ከእግር በውጭ በኩል ያደርገዋል፤ በውስጥ ከሆነ እግር ከእግር ሲነካካ ምላሱ ይወልቃል። ከታሰረ በኋላ የሚተርፈው ጠፍር ሦስት ጣት ነው። ከዚያ ከበለጠ ሰውየው ትርፉን በሌላኛው እግሩ ብረት ጥርስ ይወጋዋል፣ ካነሰ ደግሞ ሲሳብ ከዘለበቱ ያመልጣል። ጠፍር ሲቀይር አራቱንም ነው፤ አንዱን ብቻ ቀይርልኝ የሚል ሲመጣ ጠቡ ያኔ ነው።

«አያ ኑርየ፣ የግራው እኮ ደህና ነው!»

«ደህና ከሆነ ለበግህ ማሰሪያ አድርገው።»

«ለምን ያለ ጥፋቱ ይጣላል?»

«አብረው አይደል የወጡት? አብረው አይደል ዝናብ የመታቸው? አንዱ ሲሞት አንዱ የሚድነው ለምንድን ነው?»

ሰውየው ካልተስማማ ብረቱን ሳይነካ ወደ ጆንያው ይመልስለታል። ከተስማማ አሮጌዎቹን አራቱንም እዚያው በፊቱ በቢላዋ ሁለት ሁለት ቦታ ይቆርጣቸዋል፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምባቸው። የሻንጣ ማሰሪያ ናይለን ይዞ የመጣውንም እንዲሁ ነው የሚመልሰው። «ቆዳ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ይነግርሃል። ይሄን ግን ፀሐይ ውስጥ ለውስጥ ትበላዋለች፣ ላዩ ይስቅልሃል» ይላል።

አንድ ሌላ ጥያቄም ነበረው። «ለምን ዛፍ ነው?» ይላል። የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ከሆነ ይሠራል። ቅርንጫፉ ብቻ የሚመለመል፣ ሊኖር የተፈለገ ዛፍ ከሆነ ግን፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ጽድ ከሆነ፣ «የሚኖረውን በብረት አትውጉት፣ ከእታለም ገመድ ግዙ» ብሎ ወደ እኔ ይልካቸዋል። የኛን ቄሶች በዚህ ነገር ሲመክር ሰምቼ ስቄያለሁ። እነሱም ምክሩን ተቀብለውታል።

የመጨረሻው ሥራው ማስረከብ ነው። ባለቤቱን ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና ብረቱን በገዛ እጁ እግሩ ላይ ያስርለታል። «ጎትት» ይላል። ሰውየው ጠፍሩን በሁለት እጁ ይጎትታል። «ደግመህ ጎትት።» አራቱም ጠፍር ሦስት ሦስት ጊዜ ካልተጎተተ አይለቀውም። ቆራጮቹ ይሰለቻሉ፣ ያላግጡበታል። «አያ ኑርየ፣ ዛፉን ሳይሆን እኛን ነው የሚያደክሙት» ይሉታል። እሱ ወደሚቀጥለው ጠፍር ያልፋል።

እኔ የማልስማማው በሰሙ ነበር። ጠፍሩን ሲጨርስ ቀጭን ሰም ያስነካዋል፣ በቃ። የእኔ አባት የበቅሎ ሰው ነበር፤ የበቅሎ ጠፍር በቅቤ ታሽቶ እንደ ሐር ሲለሰልስ እያየሁ ነው ያደግሁት። በበጋ የአያ ኑርየ ጠፍር ደርቆ፣ አመድ መስሎ ሳየው እጄን ይበላኝ ነበር።

«ምናለ ትንሽ ቅቤ ብታስነካው? ስስታም!»

«ለበቅሎ ነው ቅቤ። ለዛፍ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሌላም ጠላት ይጠራል።»

ጠላቱ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ከኮርቻ ሰፊ ጋር ስለ ቅቤ ምን ያከራክረኛል አልሁ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ስማቸው የሚባል ቆራጭ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ተጫዋች ሰው። አራቱንም ጠፍር ሊያስቀይር ብረቱን አመጣ። አያ ኑርየ ዐርብ ጨረሰለት። ቅዳሜ ማለዳ ስማቸው ሊወስድ ቀጠሮ ነበራቸው። ዐርብ ከሰዓት ግን ከደብረ ማርቆስ ተደወለ፤ ዘይነባ ምጥ ይዟታል ተባለ። የመጀመሪያዋ ነው፣ እናቷም በሕይወት የለችም። አያ ኑርየ ተጣድፎ ተነሳ። ብረቱን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት ስማቸው ሲመጣ ስጪው። ሳይጎትት እንዳይሄድ። እንዳለ ስጪው፣ እታለም» አለኝ።

እንዳለ ስጪው ነው ያለኝ። እኔ ግን ሱቄን ልዘጋ ስል ጠፍሩን አየሁት፤ ደርቋል። ስማቸው ደግሞ የምወደው ልጅ ነው፣ አመድ የመሰለ ጠፍር ታስሮ ከሚወጣ አልሁ። ቤት ውስጥ የቆየ ቅቤ ነበረኝ። አራቱንም ጠፍር፣ በተለይ ዘለበቱ የተያዘበትን እጥፋት፣ ቆዳው ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ አሸሁት። አማረልኝ። አያ ኑርየ ሲመለስ አሳየዋለሁ ብዬ በልቤ ኮራሁ። ብረቱን በገመድ ጥቅሎቹ ላይ አስቀምጬ ዘግቼ ሄድሁ።

ጠዋት ስማቸው ሱቁን ገና ስከፍት ደረሰ። ሰዎች እየጠበቁት ነበር። እንዲጎትት አልነገርሁትም። ረስቼ አይደለም፤ የአያ ኑርየ ልማድ ለእኔም ከንቱ ድካም ይመስለኝ ነበር። «እንዴት ለስልሷል!» አለ ጠፍሩን እየዳሰሰ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እምዬ የሺ።» ጆንያው ውስጥ ከቶ እየሮጠ ሄደ።

ከቀትር በፊት ወደቀ። ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሊሻገር ከግንዱ ጋር ያሰረውን የወገቡን ገመድ ፈትቶ ሳለ የቀኝ እግሩ የላይኛው ጠፍር ተበጠሰ አሉ። ከቤት ጣሪያ ከሚበልጥ ከፍታ ነው የወረደው። በቃሬዛ ወደ መኪና ሲወስዱት በሱቄ ፊት አለፉ። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ነፍሱ ግን ተረፈች።

ቆራጮቹ ማኅበር አላቸው። ሰብሳቢያቸው መኩሪያው የሚባል ቆፍጣና ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን በእድር ቤቱ ስብሰባ ጠራ። አያ ኑርየ የልጅ ልጁን አይቶ በተመለሰ ማግሥት ነበር። እኔም ሄድሁ። እንዲያውም ልሟገትለት ነበር የሄድሁት። እኔ ሰው ሲበደል ዝም አልልም፤ በዚያ ገበያ በሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ሁሉ ያውቀኛል። አያ ኑርየን ማን ደፍሮ ይነካዋል ብዬ ነጠላዬን አጥብቄ ከፊት ተቀመጥሁ።

መኩሪያው የተበጠሰውን ጠፍር ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አያ ኑርየ፣ ይሄ የማን ስፌት ነው?»

«የኔ ነው።»

«በአንድ ቀን ለምን ተበጠሰ?»

አያ ኑርየ ጠፍሩን አነሳ። እጥፋቱን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ቀጥሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ብዙ ቆየ። ወደ እኔ አላየም። ያኔ ነው ቅቤው ትዝ ያለኝ።

«ከእጄ ሲወጣ ደህና ነበር» አለ ጠፍሩን እየመለሰ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ተበጥሷል። ከእጄ ወጥቶ እግሩ ላይ እስኪታሰር ድረስ ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

«ሌላ የሚሉት የለም?»

«የለም።»

ከኋላ አንዱ «አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል» አለ። ሌላው «እኛን ሲያስጎትቱ ከሚውሉ ስፌቱን ቢያዩ ምናለ» አለ። መኩሪያው ነገሩ እስኪጣራ ማንም ቆራጭ ብረቱን ወደ አያ ኑርየ እንዳይወስድ ተናገረ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሊሰበሰቡ ተለያዩ። እኔ ሰው ሲበደል ዝም የማልለው ሴት አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ሱቄ ገብቼ የገመድ ጥቅሎቹን አነሳሁ። ከሥራቸው የአይጠ መጎጥ ኩስና እንደ ሽርክት የደቀቀ ቆዳ አገኘሁ። ቅቤው ጠርቷቸው ኖሯል። ሲቆረጥሙ ያደሩት ሌላውን ሳይነኩ ቅቤ በበዛበት በዚያ እጥፋት ውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ቢጎተት ኖሮ ግን እዚያው ሱቄ ደጃፍ ላይ ይበጠስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች አልረሳቸውም። ማንም አልመጣም። አያ ኑርየ እንደወትሮው በማለዳ ይመጣል፣ ሰላም ይለኛል፣ ወስፌውን ይስላል፣ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ቆራጮች በፊቱ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዱማ «አያ ኑርየ፣ ወደ ጫማው ተመለሱ እንዴ?» ብሎት ሄደ። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ሃያ ጊዜ ልነግረው ተነሳሁ፣ ሃያ ጊዜ ተቀመጥሁ። በአራተኛው ቀን ወጣሁና ካጠገቡ ቆምሁ።

«አያ ኑርየ፣ ጠፍሩን ምን አሸተትኸው?»

«ቆዳ ነዋ። ቆዳ ምን ይሸታል?»

«ሌላ ነገር ሸቶህ እንደሆነ ለምን አልተናገርህም?»

ወስፌውን አስቀመጠ። «እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ አንቺም የምታውቂውን ታውቂያለሽ። እኔ ካንቺ አፍ አላወጣም» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስምህ እየጠፋ ነው እኮ!»

«እያየሁ ነው።»

በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ስማቸው የተኛበት ሐኪም ቤት ሄድሁ። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት እሱ ነው አልሁ። ቅቤውን ነገርሁት፣ አይጡን ነገርሁት፣ ሳላስጎትተው መስደዴን ነገርሁት። ጣሪያውን እያየ አዳመጠኝ።

«አሁን ማን ይሙት እምዬ የሺ፣ አይጥ ነው የጣለኝ?»

«እኔ ነኝ የጣልሁህ።»

«ከስንት ዛፍ ተርፌ አይጥ ጣለኝ ብዬ ለማን ልናገር?» ሊስቅ ሞከረ፣ ዳሌው አመመውና ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ «እኔም እኮ አልጎተትሁም» አለኝ። «አያ ኑርየ ስንት ጊዜ ነግረውኛል።»

«አንተ የኔን አትሸከም» አልሁት። «ያንተ ይበቃሃል።»

እሑድ እድር ቤቱ ሞልቶ ነበር። መኩሪያው ገና ከመጀመሩ ተነሳሁ። ከሱቄ ያነሳሁትን የቆዳ ሽርክት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሁት። ሁሉንም ተናገርሁ። እንዳለ ስጪው መባሌን ጭምር።

ከኋላ አንዱ «እምዬ የሺ ለአይጥ ድግስ ደግሰው ኖሯል!» አለና ሳቁ ተነሳ።

«ሳቁ!» አልኋቸው። «በእኔ ሳቁ፣ ይገባኛል። በእሱ የሳቃችሁትን ግን መልሱ። ባለፈው ስብሰባ አርጅተዋል ያልኸው አንተ ነህ፤ ተነስና መልስ!»

ሰውየው ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀ። መኩሪያውም ጠየቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ አያ ኑርየ ዞሩ። ግድ የለም፣ ሰው ይሳሳታል፣ እታለም ለደግ ብላ ነው ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

«እታለም እውነቱን ተናግራለች» አለ። «ቀድማ ብትናገር ይሻል ነበር። እኔም ጥፋት አለብኝ። ይሄን ዕቃ ሁልጊዜ በገዛ እጄ ሰው እግር ላይ አስሬ ነው የማስረክበው። የዚያን ቀን ሰው ወከልሁ። ከዛሬ ወዲያ አልወክልም።»

ተቀመጠ። በቃ ይኸው ነው።

ስማቸው ተሽሎት ተነሳ፤ እያነከሰ ይሄዳል፣ ዛፍ ግን አይወጣም። ከታች ሆኖ ገመድ ይይዛል፤ ገመዱ የእኔ ነው። እስኪድን ድረስ ለቤቱ የሚገባኝን አደረግሁ፤ እሱን እዚህ አልዘረዝርም። ቆራጮቹም ወደ አያ ኑርየ ተመለሱ፤ አሁን ሳያጉረመርሙ ይጎትታሉ።

አያ ኑርየ ግን ቃሉን ጠበቀ። ዐሥር ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ጠፍር እጄ ላይ አኑሮ አያውቅም። ለስግደት ሲሄድ ወስፌውን፣ ቢላዋውን፣ ገንዘቡን ሳይቀር ይተውልኛል፤ ያለቀ ብረት ካለ ግን ተሸክሞት ይሄዳል፣ ከመስጊዱ ደጃፍም ይዞት ይመለሳል። በበዓል እሱ የራሱን እኔ የራሴን እርድ እየበላን፣ ቆሎና ማር ግን እንደወትሮው እንላላክ ነበር። ሲታመም ጠየቅሁት፣ ስታመም ጠየቀኝ። በመጀመሪያው ዓመት ይሄ ነገር አናደደኝ።

«እስከ መቼ ነው የምትቀጣኝ?» አልሁት አንድ ቀን።

«መች ቀጣሁሽ?»

«ታዲያ ለምን ያን ብረት ይዘህ ትዞራለህ? እጄ የተረገመ ነው?»

«እጅሽ ደህና ነው። ጠፍሩ ያንቺ አይደለም፣ የኔም አይደለም። የዚያ የሚወጣበት ሰው ነው» አለኝ።

ለሚበደል ሁሉ ስጮህ የኖርሁ ሴት ነኝና ይሄን በዳኝ ብዬ የምጮህበት ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሌት ተቀን አሰብሁት፣ አላገኘሁም። ይቅር ብሎኛል፤ ይቅርታውን ግን የሌላ ሰው ነፍስ አስይዞ አልሰጠኝም። ይሄን ለመቀበል ዓመታት ፈጀብኝ፤ ከተቀበልሁት በኋላም ድካሙ አልለቀቀኝም።

ባለፈው በጋ ልቡ ደከመ። ዐሥር እርምጃ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል። ዘይነባ መጥታ ደብረ ማርቆስ ልትወስደው ወሰነች፤ መኪና ከሰዓት በኋላ ይመጣ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ያለቀ ብረት ቀርቶት ነበር። ባለቤቱ ከከተማው ዳር የሚኖር ቆራጭ ነው፤ ስልኩ አይነሳም። አያ ኑርየ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ በዱላው ሲነሳ አየሁት።

«ስጠኝ፣ እኔ ላድርስ» ልለው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ሱቄን ቆልፌ ተከተልሁት።

ሩቅ መንገድ አይደለም፤ እኛ ግን ረፋዱን ሙሉ ሄድንበት። በየአጥሩ ሥር ይቆማል። ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ጆንያውን ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻው ሲያዞረው እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ሌላ ሌላ አያለሁ። መንገደኞች «እምዬ የሺ፣ ሽማግሌውን አሸክመው ባዶ እጅዎን ይሄዳሉ?» ይሉኛል። አፍ አላት የምባለው እኔ እርምጃዬን ከእሱ እርምጃ ጋር አስተካክዬ አልፋለሁ።

ቆራጩ ደጅ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ደነገጠ። «አያ ኑርየ! እኔ እመጣ አልነበር?» አለ። አያ ኑርየ ተንበረከከና ብረቱን እግሩ ላይ አሰረለት። ዘለበቱን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሳተ። ሰውየው ሊያግዘው ጎንበስ ሲል እጁን ገፋው። አራቱንም አስሮ ጨረሰ።

«ጎትት።»

ጎተተ።

«ደግመህ ጎትት።»

ደግሞ ጎተተ። ሦስተኛውን ሰውየው ሳይነገረው ጎተተ። አያ ኑርየ የተረፈውን ጠፍር በሦስት ጣቱ ለካና ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ያንተ ነው» አለው።

ሊነሳ ሞከረ፣ አልቻለም። ቆራጩ ብረት እግሩ ላይ ስላለ ፈጥኖ አልደረሰለትም። አያ ኑርየ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየና እጁን ዘረጋ። ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ቀልሎ ነበር። ስንመለስ ዱላውን በአንድ እጁ፣ ክንዴን በሌላው ያዘ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ አልለቀቀኝም።